የአጎት ልጅ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል? የዘመድ ስሞችን በቅጽ ላይ በትክክል የመሙያ መመሪያ

«የአጎቴን ልጅ ወንድሜ ብዬ ብሞላው ምን ችግር አለው?»

ሰዎችን ቅጽ በመሙላትና በማስተርጎም ስረዳ ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ይህን ነው። ጠያቂው ሊያታልል አስቦ አይደለም። የአጎቱ ልጅ በአንድ ግቢ አብሮት ያደገ፣ ሲታመም ያስታመመው፣ በሠርጉ ቀን ከጎኑ የቆመ ነው፤ «ወንድሜ» ካላለው ምን ሊለው ነው? ችግሩ የሚመጣው ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ነው። ቅጹን የሚያነበው ሰው «ብራዘር» የሚል ሲያይ ከአንድ እናት ወይም ከአንድ አባት የተወለደ ወንድም ብሎ ይረዳል። ቆየት ብሎ የልደት ምስክር ወረቀት ሲቀርብ የእናትም የአባትም ስም የተለያየ ሆኖ ይገኛል። በፍቅር የተጻፈው ቃል ያኔ እንደ ሐሰት ይቆጠራል፤ ጉዳት የሚደርሰውም በባለጉዳዩ ላይ ነው።

ይህን መመሪያ ቅጽ ለሚሞሉ፣ ለቃለ መጠይቅ ለሚዘጋጁና ለሐኪም ወይም ለመምህር ዘመዳቸውን ማስተዋወቅ ለሚፈልጉ ሁሉ ጽፌዋለሁ። የእንግሊዝኛ ቃላቱን በሚነበቡበት ድምፅ በፊደላችን አስቀምጫቸዋለሁ። ቅጹ ላይ ሲጽፉ ግን የእያንዳንዱን ቃል አጻጻፍ ከመዝገበ ቃላት ያመሳክሩ፤ በእንግሊዝኛ የሚነበበውና የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ይለያያል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሁለት ንጹሕ ወረቀት፣ እርሳስና ላጲስ። እስክሪብቶ አይጠቀሙ፤ የመጀመሪያው ሥዕል ሳይሰረዝ ያለቀለት ሰው አላየሁም።
- የእርስዎና የሚጠቅሷቸው ዘመዶች ፓስፖርት፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ ካለም የጉዲፈቻ ውሳኔ።
- የዘር ሐረጉን የሚያውቅ አንድ ትልቅ ሰው፣ በስልክም ቢሆን።
- የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት።
- የቅጹ ትርፍ ቅጂ፣ ለልምምድ።

ደረጃ 1፦ ሰውየውን መጀመሪያ በወረቀት ላይ ያስቀምጡ

ከአማርኛ ቃል በቀጥታ ወደ እንግሊዝኛ ቃል አይሂዱ። በመካከል ሥዕል ይኑር። በወረቀቱ መሐል ትንሽ ክብ ይሥሩና «እኔ» ብለው ይጻፉበት። ከላይ ሁለት ክቦች ለእናትና ለአባት፣ ከእነርሱ በላይ አራት ክቦች ለአያቶች ያስቀምጡ። ወላጅን ከልጅ ጋር ወደ ታች በሚወርድ መስመር፣ ባልና ሚስትን በአግድም ድርብ መስመር ያገናኙ። አሁን የሚፈልጉትን ዘመድ ፈልገው ያግኙትና ከእርስዎ ክብ እስከ እርሱ ክብ በጣትዎ ይከተሉ። ወደ ላይ ስንት ጊዜ ወጡ? ወደ ታች ስንት ጊዜ ወረዱ? ድርብ መስመር አቋረጡ ወይስ አላቋረጡም? ከሥዕሉ ጎን ይጻፉት።

ለምሳሌ የአጎት ልጅ፦ ወደ አባቴ አንድ ወጣሁ፣ ወደ አያቴ ሁለት ወጣሁ፣ ወደ አጎቴ አንድ ወረድሁ፣ ወደ ልጁ ሁለት ወረድሁ፤ ድርብ መስመር የለም።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? የአማርኛ የዘመድ ቃል ዝምድናንም መቀራረብንም አክብሮትንም በአንድነት ይይዛል። «ጋሼ» የምንለው አጎት፣ ታላቅ ወንድም ወይም የሠፈር ሰው ሊሆን ይችላል። ቅጹ የሚጠይቀው የመጀመሪያውን፣ ዝምድናውን ብቻ ነው። ሥዕሉ ይህን ይለይልዎታል።

ደረጃ 2፦ የዝምድናውን ዓይነት ይለዩ

ከእያንዳንዱ ሰው ጎን ከሚከተሉት አንዱን ምልክት ያድርጉ። «ደ» በደም ለሚዛመድ፣ «ጋ» በጋብቻ ለሚዛመድ፣ «ሕ» በፍርድ ቤት ውሳኔ በጉዲፈቻ ለሚዛመድ፣ «ቃ» በክርስትና፣ በማሳደግ ወይም በአብሮ አደግነት ለተሳሰረ። እንግሊዝኛ ለአራቱም የተለያየ ቃል ስላለው ይህን ሳይለዩ ቃል መምረጥ አይቻልም። «ቃ» ያገኘ ሰው በደም ዘመድ ሣጥን ውስጥ አይገባም፤ ይህ በኋላ በደረጃ 6 ይመለሳል።

ደረጃ 3፦ የቅርቦቹን ይሙሉ

አባት «ፋዘር»፣ እናት «ማዘር»፣ ሁለቱም በአንድነት «ፓረንትስ» ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በአማርኛ «ቤተሰቦቼ ናዝሬት ናቸው» ስንል አብዛኛውን ጊዜ እናትና አባታችንን ማለታችን ነው። ይህን ቃል በቃል ወስደው «ማይ ፋሚሊስ» ካሉ ሰሚው ብዙ የተለያዩ ቤተሰቦች እንዳሉዎት ይገምታል። እናትና አባት ማለትዎ ከሆነ «ማይ ፓረንትስ»፣ ሁሉንም የቤት ሰው ከሆነ በነጠላ «ማይ ፋሚሊ» ይበሉ።

ወንድም «ብራዘር»፣ እህት «ሲስተር»፣ ጾታ ሳይለይ «ሲብሊንግ» ነው። ቅጹ «ሲብሊንግስ» ካለ ወንድሞችንም እህቶችንም በአንድ ላይ እየጠየቀ ስለሆነ ሁሉንም ይዘርዝሩ። ታላቅ ወንድም «ኦልደር ብራዘር»፣ ታናሽ እህት «ያንገር ሲስተር» ናቸው። «ታላቅ» የሚለውን «ግሬት» ብለው አይተርጉሙት። በዘመድ ስም ላይ «ግሬት» የትውልድ መቁጠሪያ ነው፤ አያት «ግራንድፋዘር» ወይም «ግራንድማዘር»፣ ቅድመ አያት «ግሬት ግራንድፋዘር» ወይም «ግሬት ግራንድማዘር» ይባላሉ። ከዚያ በላይ አንድ ትውልድ በወጡ ቁጥር አንድ «ግሬት» ይጨመራል። ከቅድመ አያት በላይ ያሉትን ቃላት የየአካባቢው ሰው በተለያየ መንገድ ስለሚጠቀምባቸው ሥዕሉ ላይ ትውልዱን ይቁጠሩ እንጂ በቃሉ አይመሩ።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። «የአባቴ ልጅ» ወይም «የእናቴ ልጅ» የምንለው፣ በአንድ ወላጅ ብቻ የምንገናኘው ወንድም «ሃፍ ብራዘር»፣ እህት ከሆነች «ሃፍ ሲስተር» ናት። ብዙ ሰው ይህን ቃል መጻፍ ያሳፍረዋል፤ «ግማሽ» የሚለው ትርጉም ወንድሙን ያሳነሰበት ይመስለዋል። በእንግሊዝኛ ግን ቃሉ ክብር አይቀንስም፣ የጋራ ወላጁ አንድ መሆኑን ብቻ ይናገራል። መደበቅም አያስፈልግም፤ በአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ዜጋ ለወንድሙ ወይም ለእህቱ በሚያመለክትበት ክፍል በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙትም ይካተታሉ። የሚጎዳው «ብራዘር» ብቻ ብሎ ጽፎ በኋላ የአባት ስም ሲለያይ መልስ ማጣት ነው። የእኛ ስም የአባትን ስም ተከትሎ ስለሚሄድ በእናት ብቻ የሚገናኙ ወንድሞች በወረቀት ላይ ምንም የሚጋሩት ስም የላቸውም። ስለዚህ የእናትየው ስም በሁለቱም የልደት ምስክር ወረቀት ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን አስቀድመው ይመልከቱ።

ወንድ ልጅ «ሰን»፣ ሴት ልጅ «ዶተር» ናቸው። «ቻይልድ» ሁለቱንም ይይዛል፤ ሲበዛ «ቺልድረን» ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በአሜሪካ የስደተኞች ቅጾች ላይ «ቻይልድ» የሕግ ቃል ነው፤ ያላገባና 21 ዓመት ያልሞላው ልጅ ማለት ነው። ያገባ ወይም 21 ዓመት የሞላው ልጅ «ሰን» ወይም «ዶተር» ተብሎ በሌላ ክፍል ይታያል። የ30 ዓመት ልጅ ለእናቱ ልጅ መሆኑ አይቀርም፣ በዚህ ቅጽ ላይ ግን «ቻይልድ» አይደለም። በዲቪ ማመልከቻ ላይ ደግሞ ያላገቡና 21 ዓመት ያልሞላቸው ልጆች በሙሉ መመዝገብ አለባቸው፦ ከእርስዎ ጋር የማይኖሩትም፣ አብረው የማይሄዱትም፣ የትዳር ጓደኛዎ ከሌላ የወለዳቸውም፣ በጉዲፈቻ የተወሰዱትም። መመዝገብ የማያስፈልጋቸው የአሜሪካ ዜግነት ወይም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው ብቻ ናቸው። አንድ ልጅ መተው ዕድሉን በሙሉ ያሳጣል።

ደረጃ 4፦ አጎት፣ አክስትና ልጆቻቸው

አጎት በእናትም ይሁን በአባት በኩል «አንክል» ነው፤ አክስት «አንት» ናት። የአክስት ባልም «አንክል»፣ የአጎት ሚስትም «አንት» ይባላሉ፤ ሐኪም ስለ ዘር በሽታ ሲጠይቅዎት ግን የደም ዘመድ የሆኑትን ብቻ ይንገሩት። በየትኛው ወገን መሆኑን ለመለየት «ኦን ማይ ማዘርስ ሳይድ» ካሉ በእናቴ ወገን ማለት ነው። «አንት» ሲጽፉ ከኤ ቀጥሎ ዩ የምትባለውን ፊደል አይርሱ፤ ያለ ዩ የሚጻፈው ቃል ጉንዳን ማለት ነው።

የወንድም ወይም የእህት ወንድ ልጅ «ኔፊው»፣ ሴት ልጅ «ኒስ» ናት። የአጎት ወይም የአክስት ልጅ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ «ከዝን» ነው። በእኔ ልምድ «ብራዘር» ብሎ ከመጻፍ ቀጥሎ የሚደጋገመው ስሕተት እነዚህን ሦስቱን ማደባለቅ ነው። «የወንድሜ ልጅ» የሚለውን «ከዝን» ብሎ የሚጽፍ ሰው ብዙ ነው። ሥዕሉን ይመልከቱ፦ ከወንድምዎ ወይም ከእህትዎ ክብ ወደ ታች ከወረዱ «ኔፊው» ወይም «ኒስ»፤ ከወላጅዎ ወንድም ወይም እህት ክብ ወደ ታች ከወረዱ «ከዝን»።

«ከዝን» ጾታ አያሳይም። አማርኛ ግሱ ላይ «መጣ» ወይም «መጣች» ብሎ ወዲያው ይለየዋል፤ እንግሊዝኛው ግን «ከዝን» ካለ በኋላ ቀጥሎ በሚመጣው ዓረፍተ ነገር «ሂ» ወይም «ሺ» እስኪባል ድረስ አይታወቅም። በንግግር ጊዜ ፈጥነው ካላሉት አድማጩ በስሕተት ይገምታል፤ የእኛን ስሞች ሰምቶ ወንድና ሴት መለየት አይችልምና።

ደረጃ 5፦ ራቅ ያለውን ዘመድ ይቁጠሩ

ጋብቻ ከመታሰሩ በፊት ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ የሰማ ሰው ይህን ደረጃ ፈጥኖ ይይዘዋል። እንግሊዝኛም የራሱ የቤት ቆጠራ አለው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

ሀ) የሁለታችሁን የጋራ አያት ወይም ቅድመ አያት ፈልጉ።
ለ) ከእርስዎ እስከ እርሱ ስንት ጊዜ እንደወጡ ይቁጠሩ። ከዘመድዎም እስከ እርሱ ይቁጠሩ።
ሐ) ከሁለቱ ቁጥሮች ከትንሹ ላይ 1 ይቀንሱ። 1 ከሆነ «ፈርስት ከዝን»፣ 2 ከሆነ «ሰከንድ ከዝን»፣ 3 ከሆነ «ሰርድ ከዝን» ነው። ውጤቱ ዜሮ ከሆነ ከዝን ሳይሆን ወንድም፣ እህት፣ አጎት፣ አክስት ወይም የወንድም ልጅ ነው ማለት ነው።
መ) የሁለቱን ቁጥሮች ልዩነት ይያዙ። ዜሮ ከሆነ እኩያ ትውልድ ናችሁ። 1 ከሆነ «ዋንስ ሪሙቭድ»፣ 2 ከሆነ «ትዋይስ ሪሙቭድ» ይጨመራል።

የአባትዎን የአጎት ልጅ እንውሰድ። የጋራችሁ ሰው የአባትዎ አያት፣ ማለትም የእርስዎ ቅድመ አያት ነው። እርስዎ ሦስት ጊዜ ይወጣሉ፣ ሰውየው ሁለት ጊዜ። ትንሹ 2፣ 1 ሲቀነስ 1፤ ልዩነቱ 1። ስለዚህ «ፈርስት ከዝን ዋንስ ሪሙቭድ» ነው። በአማርኛ ይህን ሰው ሁላችንም «አጎቴ» እንለዋለን፤ በዕድሜም በክብርም አጎት ነው። ቅጹ «አንክል» ብቻ ካየ ግን የአባትዎ ወንድም ይመስለዋል። የእርሱ ልጅ ደግሞ ለእርስዎ ሦስት በሦስት ስለሚመጣ «ሰከንድ ከዝን» ነው።

በዕለት ተዕለት ንግግር ይህን ያህል መቁጠር አያስፈልግም፤ «ከዝን» ወይም «ሬላቲቭ» ማለት ይበቃል። ቆጠራው የሚጠቅመው ለውርስ ጉዳይ፣ ለቃለ መጠይቅና ለሆስፒታል ነው።

ደረጃ 6፦ የጋብቻ፣ የእንጀራና የማሳደግ ዝምድና

ባል «ሀዝባንድ»፣ ሚስት «ዋይፍ»፣ ጾታ ሳይለይ ባለቤት «ስፓውስ» ነው። እጮኛ ወንድም ሆነ ሴት «ፊያንሴ» ተብሎ ይነበባል፤ ሲጻፍ ግን ለሴት መጨረሻው ላይ ሁለት ኢ፣ ለወንድ አንድ ኢ ነው። ሽምግልና ተልኮ እሺ ከተባለ በኋላ ግን ጋብቻው ሳይፈጸም «ዋይፍ» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው።

ከጋብቻ የሚመጣ የቅርብ ዘመድ አብዛኛውን ጊዜ «ኢን ሎው» የሚል ጭራ ይከተለዋል። አማት ሴት ከሆነች «ማዘር ኢን ሎው»፣ ወንድ ከሆነ «ፋዘር ኢን ሎው»። ምራት «ዶተር ኢን ሎው»፣ የልጅ ባል የሆነ አማች «ሰን ኢን ሎው»። የሚስት ወንድምም፣ የባል ወንድምም፣ የእህት ባልም «ብራዘር ኢን ሎው» ናቸው። ዋርሳ የሚለው ቃል እንደ አካባቢው ስፋቱ ስለሚለያይ «ዋርሳዬ» ብለው ለአስተርጓሚ ብቻ አይተዉት፤ «የባሌ ወንድም» ብለው ይንገሩት። ሲበዙ የብዙ ቁጥር ምልክቱ የሚጨመረው በመጀመሪያው ቃል ላይ ነው፦ «ብራዘርስ ኢን ሎው»።

እንጀራ አባት «ስቴፕፋዘር»፣ እንጀራ እናት «ስቴፕማዘር»፣ እንጀራ ልጅ «ስቴፕሰን» ወይም «ስቴፕዶተር» ነው። «ስቴፕብራዘር» እና «ሃፍ ብራዘር» አንድ አይደሉም። «ስቴፕብራዘር» የእንጀራ አባት ወይም የእንጀራ እናት ልጅ ነው፤ ምንም የጋራ ወላጅ የላችሁም። በአሜሪካ የስደተኞች ሕግ እንጀራ ልጅ እንደ ልጅ የሚቆጠረው ወላጁ ከአመልካቹ ጋር የተጋባው ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው ከሆነ ነው፤ ስለዚህ የጋብቻውን ቀን በትክክል ይያዙ።

የማደጎ ጉዳይ ከሁሉ ይበልጥ ልብ የሚነካና በጥንቃቄ መሞላት ያለበት ነው። አንዲት እናት የሞላችውን ቅጽ ይዛልኝ መጥታ ነበር። በልጆች ሣጥን ውስጥ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ «ሰን» የሚል አለ። የልደት ምስክር ወረቀቱን ስናወጣ በእናት ስም ቦታ የተጻፈው የእርሷ አይደለም፣ የሟች እህቷ ነው። ጣቷን በቃሉ ላይ አድርጋ፣ «ልጄ ነው፤ ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ በእጄ ነው ያደገው። ሌላ ምን ልበለው?» አለችኝ። በፍርድ ቤት የተፈጸመ ጉዲፈቻ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አልነበረም፤ የእህት ልጅ ለማሳደግ ማን ፍርድ ቤት ይሄዳል? «ሰን» የሚለውን ሰርዘን፣ ዘመድ በሚዘረዘርበት ቦታ «ኔፊው» ብለን ጻፍን። ከታች ባለው የማብራሪያ ሣጥን ደግሞ የእህቷ ልጅ መሆኑን፣ እናቱ እንደሞተችና ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ እርሷ እንዳሳደገችው በአንድ ዓረፍተ ነገር አከልን። ያን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ፣ ከዚያ ፈረመች።

እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። በሕግ የተፈጸመ ጉዲፈቻ ካለ «አዶፕትድ ሰን» ወይም «አዶፕትድ ዶተር» ይጻፉና ውሳኔውን ያያይዙ። በአሜሪካ ሕግ ጉዲፈቻው በአብዛኛው ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው የተፈጸመ እንዲሆንና ሁለት ዓመት በሕጋዊ አሳዳጊነት አብሮ መኖርም እንዲኖር ይጠየቃል። ውሳኔ ከሌለ እውነተኛውን ዝምድና ይጻፉ፣ የማሳደጉን ታሪክ በማብራሪያው ያስፍሩ። አሳዳጊ «ጋርዲያን» ይባላል፤ ትምህርት ቤቶች «ፓረንት ወይም ጋርዲያን» ብለው ሲጠይቁ ልጁን በኃላፊነት የያዘው ሰው ስሙን ይጽፋል፣ ወላጅ ነኝ ማለት ግን የለበትም።

የክርስትና አባት «ጎድፋዘር»፣ የክርስትና እናት «ጎድማዘር»፣ የክርስትና ልጅ «ጎድቻይልድ» ናቸው። አበልጅ ለሚለው በእንግሊዝኛ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቃል የለም፤ «የልጄ ክርስትና አባት» ብለው «ማይ ቻይልድስ ጎድፋዘር» ይበሉ። እነዚህ ሁሉ በዘመድ ሣጥን ውስጥ አይገቡም።

ደረጃ 7፦ ቃል ሲጠፋዎት ሰንሰለት ይሥሩ

ለተደናገረ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የማስተምረው ይህን ነው። የአማርኛው «የ» እና በእንግሊዝኛ ስም መጨረሻ ላይ የሚታከለው የባለቤትነት «ስ» ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ፤ የቃላቱም ቅደም ተከተል አንድ ነው። የአባቴ ወንድም፦ «ማይ ፋዘርስ ብራዘር»። የእናቴ እህት ባል፦ «ማይ ማዘርስ ሲስተርስ ሀዝባንድ»። የሚስቴ ወንድም ሚስት፦ «ማይ ዋይፍስ ብራዘርስ ዋይፍ»። «ስ»ን ሲጽፉ ከፊቱ ከላይ የምትቀመጠውን ትንሽ ጭረት አይርሱ፤ ያለ እርሷ ብዙ ቁጥር ይመስላል። በሰንሰለት የተነገረ ዝምድና ረዘም ይላል እንጂ አይሳሳትም፣ ቃሉን ያላወቀ ሰውም አያፍርበት።

ደረጃ 8፦ ቅጹ ለምን እንደሚጠይቅ ይወቁ

የሆስፒታል ቅጽ «ፋሚሊ ሂስትሪ» ሲል የሚፈልገው የደም ዘመድን ነው። «ፈርስት ዲግሪ ሬላቲቭ» ወላጆች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ልጆች ናቸው። አያት፣ አጎት፣ አክስት፣ የወንድም ልጅና በአንድ ወላጅ የሚገናኝ ወንድም ሁለተኛ ደረጃ፣ ከዝን ሦስተኛ ደረጃ ናቸው። እዚህ ላይ አብሮ ያደገ የአጎት ልጅዎን «ብራዘር» ቢሉት ሐኪሙ የልብ ወይም የስኳር ሕመሙን ለእርስዎ ከሚገባው በላይ ቅርብ አድርጎ ይመዝነዋል። አማትዎና እንጀራ አባትዎ በዚህ ቅጽ ላይ አይቆጠሩም።

«ኢመርጀንሲ ኮንታክት» የሚለው ግን አደጋ ሲደርስ የሚደወልለትን ሰው ብቻ ይጠይቃል። ጓደኛም ጎረቤትም ሊሆን ይችላል፤ ዝምድናው በተጠየቀበት ቦታ «ፍሬንድ» ወይም «ኔበር» ይጻፉ። ዘመድ ለማስመሰል መሞከር አያስፈልግም።

በአሜሪካ የዘመድ ማመልከቻ፣ ማለትም አይ-130 በሚባለው ቅጽ፣ 21 ዓመት የሞላው ዜጋ ለወላጆቹ፣ ለወንድሞቹና ለእህቶቹ ማመልከት ይችላል፤ ለትዳር ጓደኛውና ለልጆቹም እንዲሁ። ቋሚ ነዋሪ ማመልከት የሚችለው ለትዳር ጓደኛውና ላላገቡ ልጆቹ ብቻ ነው። ለአጎት፣ ለአክስት፣ ለአያት፣ ለከዝን፣ ለኔፊውና ለአማት በቀጥታ የሚቀርብ ማመልከቻ የለም። ሰው «ወንድሜ ብዬ ልሙላው» ወደሚል ሐሳብ የሚገፋውም ይህ ነው። አይሙሉት። በሐሰት የተሞላ ዝምድና ያንን ማመልከቻ ብቻ አያበላሽም፣ ወደፊት የሚቀርቡትንም ይከተላቸዋል። የሕግ ጥያቄ ካለዎት ፈቃድ ያለው ጠበቃ ወይም ዕውቅና ያለው ተወካይ ያማክሩ፤ ቅጽ የሚሞላልዎት ሰው የሕግ ምክር መስጠት አይችልም።

ደረጃ 9፦ ስምና ቀን ያመሳክሩ፣ ከዚያ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡ

ብዙ ቅጾች የእናትን «ሜይደን ኔም» ይጠይቃሉ፤ ከጋብቻ በፊት የነበራትን ስም ማለት ነው። የእኛ እናቶች ሲያገቡ ስማቸውን ስለማይለውጡ የራሷን፣ የአባቷንና የአያቷን ስም እንዳለ ይጻፉ። የሁሉንም ስም ፓስፖርቱ ላይ ባለው ፊደል ይገልብጡ፤ «ገብረ» እና «ወልደ» ያለባቸው ስሞች በሦስትና በአራት ዓይነት ስለሚጻፉ በተለይ ይጠንቀቁ።

የልደት ቀን ወደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሲመለስ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ይጨመራል። በ7 እና በ8 መካከል መሳሳት አንድን ልጅ 21 ዓመት የሞላው ወይም ያልሞላው ያደርገዋል።

በመጨረሻ ሥዕሉንና ቅጹን ጎን ለጎን አስቀምጠው እያንዳንዱን ዘመድ በአማርኛ በሰንሰለት ይናገሩ፦ «ይህ የእናቴ ወንድም ልጅ ነው፤ ቅጹ ላይ ከዝን ተብሏል»። አስተርጓሚ ባለበት ቃለ መጠይቅም በአማርኛ እንዲሁ ይናገሩ። አስተርጓሚው «ወንድሜ» ሲሉት «ብራዘር» ብሎ ከማስተላለፍ ሌላ ምርጫ የለውም።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

- «ሬላቲቭስ» እና «ፓረንትስ»ን ማደባለቅ። «ፓረንትስ» እናትና አባት ብቻ ናቸው፤ ዘመዶች በጠቅላላው «ሬላቲቭስ» ይባላሉ።
- የተፋታ ወይም የትዳር ጓደኛው የሞተበት ሰው «ሲንግል» ላይ ምልክት ማድረጉ። የተፋታ «ዳይቮርስድ»፣ የሞተበት «ዊዶውድ» ነው። በስም ሲጠሩ ባሏ የሞተባት «ዊዶው»፣ ሚስቱ የሞተችበት «ዊዶወር» ይባላሉ።
- የሞተ ወላጅን መተው። ቅጹ ስለ ወላጅ ከጠየቀ ስሙን ጽፈው «ዲሲስድ» ይበሉ።
- «ዶተር» ሲጻፍ በመሐል ያሉትን የማይነበቡ ጂ እና ኤች መርሳት። «ሰን»ን በዩ መጻፍ፤ በዩ ሲሆን ፀሐይ ይሆናል፣ ልጅ የሚጻፈው በኦ ነው።
- እንጀራ አባትን በአባት ቦታ መጻፍ። ቅጹ በግልጽ ካልፈቀደ በአባት ቦታ የሚገባው በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ያለው ነው።

ቅጹን ከላኩ በኋላ

የሥዕሉን ወረቀት አይጣሉት። ለወንድምና ለእህት የሚቀርበው የአሜሪካ ማመልከቻ ከአሥር ዓመት በላይ የሚያስጠብቅ ነው፤ ቃለ መጠይቁ ሲመጣ ማን ምን ተብሎ እንደተሞላ የሚያስታውስ ሰው ላይኖር ይችላል። ሥዕሉን ከተላከው ቅጽ ቅጂ ጋር አያይዘው በፓስፖርቶቹ መካከል ያስቀምጡ፤ በስልክ ፎቶ አንስተውም ለሚጠብቀው ዘመድ ይላኩለት።